ለፈዋሿ ዞር የሚል

ጨዋታው ውስጥ መጀመሪያ የምትገደለው ፈዋሿ ናት። ይህን የነገረችኝ የአሠሪዎቼ ልጅ ራሷ ናት፣ ሥራውን በሰጠችኝ ቀን፣ ያውም እየሳቀች። «ሁሉም ወደ አንቺ ነው የሚሮጠው፤ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ለእኔ ትሰጪኛለሽ?» ብላት፣ «ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነዋ» አለች። ቢያንስ አልዋሸችኝም።

ያኔ የምሠራው ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ነበር፣ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ። ከወሎ ወጥቼ ካርቱም ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤት መቀያየር ሰልችቶኝ እዚያ ረግቼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሲመጡ እንግዳ ነው የሚመስሉት። ሚስታቸውን «ማማ» እላታለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እና ሐቦባ አለች፣ የሰውዬው እናት። ሐቦባ በሱዳኖች አያት ማለት ነው። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ በዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ ተባብለን ቀረን፤ እሷም አልከፋት።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቤቱ ሁሉ ይተኛል። ካርቱም ውስጥ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮኽም። ልጅቷ ግን አትተኛም። ሳሎን ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ስልኳ ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ትጨቃጨቃለች። አንድ ቀን ዕቃ አጥቤ ሳበቃ አሮጌ ስልኳን ይዛ መጣችና «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አለችኝ። ዘንዶ፣ ጎራዴ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ የሞላበት ጨዋታ ነው፤ ከየአገሩ ሰው በኢንተርኔት እየገባ፣ አምስት አምስት ሆኖ ቡድን ለቡድን ይዋጋበታል። የእሷ ቡድን አራት ብቻ ቀርቷል። የነበረቻቸው ፈዋሽ ስድብ በዝቶባት ጥላቸው ሄዳለች።

«አንቺ አትዋጊም» አለችኝ። «እኛን ብቻ ነው የምትጠብቂው። የቆሰለውን ታክሚያለሽ፣ ከኋላ ከኋላችን ትከተያለሽ፤ ኸላስ፣ በቃ።»

«ይሄማ ከጠዋት ጀምሮ ስሠራው የዋልኩት ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የፈዋሽ ሥራ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። አንዱን ምልክት ትነካለህ፣ ብርሃን ይፈሳል፣ የቆሰለው ይነሳል። ችግሩ፣ ፈዋሽ ጦርነቱን አለማየቷ ነው። ዘንዶው እሳት ሲተፋ፣ ጎራዴው ሲብለጨለጭ፣ ሌላው ሰው ያንን ሲያይ ይዝናናል። የእሷ ዐይን ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ካሉት አረንጓዴ መስመሮች አይነቀልም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ መስመሩ ነፍሱ ነው። ማን እየወረደ ነው፣ ማን በጥጋብ ዘሎ ሊገባ ነው፣ ማን ነው ዝም ብሎ የሚሞተው፤ እሱን ነው የምታየው። ለእኔ ይህ አዲስ አልነበረም። ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት የማን ብርጭቆ እንደጎደለ ሳትጠየቅ ታያለች።

ቀጥሎ ሰማያዊው መስመር አለ፤ እሱ የራሷ ኃይል ነው። ባከመች ቁጥር ይጎድላል። ትልቁን ፈውስ በትንሽ ጭረት ላይ የጨረሰች ፈዋሽ፣ ዋናው ምት ሲመጣ ባዶ እጇን ትቀራለች። መጀመሪያ አካባቢ ደንግጬ ሁሉን ነገር ቶሎ እጨርስ ነበር፤ ከዚያ ሰዎቹ እንደ ዝንብ ያልቁብኛል። ሦስቱን የቡድኑን ሰዎች በድምፃቸው ብቻ ነው የማውቃቸው። አንዱ ጋሻ ተሸካሚ ነው፤ ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፣ ሲሞትም የሚጮኸው እሱ ነው። ሲያሸንፍ ጎበዝ እሱ ነው፤ ሲሞት ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህም ቢሆን አዲስ አልሆነብኝም።

የልጅቷ ሥራ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነበር፤ የጠላትን ፈዋሽ ማክሸፍ። ጨዋታው ውስጥ እሷ ጥቁር የለበሰች ጠንቋይ ናት። ሌላውን ሁሉ ትታ ያቺን ፈዋሽ ብቻ ነው የምታሳድደው። አፏን የሚዘጋ፣ እጇን የሚያደነዝዝ ድግምት አላት። «እኛ አገር አፍዝ አደንግዝ ይባላል» ስላት ስሙን ወደደችው። «አፊዝ አደንጊዝ!» እያለች ስትጥለው ከሳቄ ብዛት ማከም እረሳለሁ።

ፈዋሽ የምትጠፋበትን መንገድ አንድ በአንድ አስተማረችኝ፤ «የሚያጠፉሽም በዚያው ስለሆነ ማወቅ አለብሽ» አለች። አንዱን ሰው ቀስ እያልሽ ትወጊዋለሽ፤ እሷ ደንግጣ ትልቁን ፈውስ ስታፈሰው፣ ባልጠበቀችው በሌላው ላይ ትዞሪያለሽ። ቁስል የማያስገጥም መርዝ ትረጪያለሽ፤ ያኔ ብታክም ባታክም ያው ነው። ልትደግም አፏን ስትከፍት፣ ከመክፈቷ ትዘጊዋለሽ። «ግን ከሁሉም የሚሻለው ሌላ ነው» ትላለች። «ከሰዎቿ መለየት። ጓደኞቿን እያባበልሽ አርቀሽ ትወስጃቸዋለሽ፣ እጇ እስከማይደርስበት። ከዚያ እሷን ለመጨረስ አንድ ሰው ይበቃል።»

«ታዲያ መዳኛው ምንድን ነው?»

መዳኛው ሁለት ነው አለችኝ። አንደኛው ምሰሶ ነው። ድግምት ግንብ አያልፍም፤ ሲመጡብሽ ምሰሶ ዞረሽ ትቆሚያለሽ። ሁለተኛው መጣራት ነው። «ዐለየ! በይ» አለች። በዐረብኛ ላዬ ላይ ናቸው እንደማለት ነው። «ከዚያ እኛ እንዞርልሻለን።»

ሌሎቹ አይዞሩም ነበር። ጋሻ ተሸካሚው ፊት ለፊቱ ያለውን መቀጥቀጥ እንጂ ወደኋላ ማየት ሞቱ ነው። «ተያት! የጀመርሽውን ጨርሺ!» ይላታል ልጅቷን። እሷ ግን «ዐለየ» ካልኩ ያለችበትን ጥላ ትመጣለች። ልትገድለው ትንሽ የቀራትን ፈዋሽ ትታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ፊቴ መጥታ ትቆማለች። በዚህ ምክንያት የተሸነፍንበት ቀን ብዙ ነው። ጋሻ ተሸካሚው ሲሳደብ፣ «እሷ ከሞተች አንተም ሞተሃል፣ ቂል» ትለዋለች። ወላሂ፣ ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ለእኔ ብሎ መንገዱን የቀየረ ሰው አላስታውስም። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሆዴ ይሞቅ ነበር። ለማንም አላወራሁትም፤ ባወራው አበደች እባላለሁ።

ሐቦባ ቀን እንቅልፍ አይወስዳትም። እኛ ስንጫወት ዐንገረቧ ላይ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ተስቢሕዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ታንቀሳቅሳለች። ስልኩ ውስጥ ያሉት እውነተኛ ሰዎች ይመስሏት ነበር፤ ለነገሩ ናቸው።

«ማነው አሁን የታመመው?» ትለኛለች።

«ያ ጋሻ የያዘው ነው፣ ሐቦባ።»

«አሁንም እሱ? ይሄ ልጅ ነገር ይወዳል። አላህ ያሽረው።»

አንድ ቀን እኔው ራሴ ሞቼ ስልኩን ሳስቀምጥ አየችኝና «አንቺንስ ማነው የሚያክምሽ?» አለች።

«ራሴን አክማለሁ።»

«ይሄ ደግ አይደለም» አለችና ወደ ተስቢሕዋ ተመለሰች።

ጦርነቱ የጀመረው በጠዋት ነው። መጀመሪያ ጎረቤት የጋዝ ሲሊንደር የፈነዳ መስሎን ነበር። ከዚያ አውሮፕላኖቹ መጡ፣ መስኮቱ ረገፈ፣ መብራት ጠፋ። መንገዱ በዐስከር ተሞላ፤ ዐስከር ማለት የታጠቀ ሁሉ ነው፣ ማን የማን እንደሆነ መጠየቅ አይቻልም። ኮሪደሩ ውስጥ መስኮት ስለሌለ ሁላችንም እዚያ ፍራሽ አንጥፈን ተኮልኩለን ሰነበትን። ልጅቷ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የማማ እህትም ቤቷ ተመትቶ ከነልጆቿ እኛ ጋ መጣች።

በመጨረሻ ለመውጣት ተወሰነ። መኪናው አንድ ነው፤ ሾፌሩ በሰሜን በኩል ሸንዲ ሊያደርሳቸው ነው። ሐቦባ ግን ንቅንቅ አልል አለች።

«መንገድ ላይ አልሞትም» አለች። «እናንተ ሂዱ። እኔ ቤቴ ነኝ።»

ልጇ እግሯ ላይ ወድቀው ለመኗት። ማማ አለቀሰች። በዚህ ላይ መኪናው በሰው ጢም ብሏል፤ ይህን ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረውም፣ ግን ሁላችንም እናየው ነበር። «ቢቲ ትቆይልኛለች» አለች ሐቦባ እጄን ይዛ። ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ እምቢ የምል አይመስለኝም፤ ግን አልተጠየቅኩም።

«ሸንዲ እንደገባን መኪናውን መልሼ ለሁለታችሁ እልካለሁ» አሉኝ ሰውዬው። «ሦስት አራት ቀን ነው። እስከዚያ የእሷም ልብ ይመለሳል።» ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ተመልሰን እንወስድሻለን፤ ታውቂኛለሽ» አለች። አዎ፣ አውቃታለሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ጀዋዜ፣ ፓስፖርቴ፣ ከእነሱ ወረቀት ጋር በማማ ቦርሳ ውስጥ እንደሄደ ትዝ ያለኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ይሠራ ነበር። ሾፌሩ ነገ ይነሳል ተባልኩ። ነገ ሆነ፣ ነዳጅ ጠፋ። ሌላ ነገ መጣ፣ መንገዱ ላይ ተኩስ ነው ተባለ። ከዚያ ሰውዬው ቤተሰቡን ይዘው ወደ ግብፅ ሊሻገሩ እንደሆነ ነገሩኝ። መኪናውና ሾፌሩ ግን ሸንዲ ይቆያሉ፣ ጀዋዜም ሾፌሩ እጅ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሐቦባንና እኔን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ መውጫ ያ መኪና ነው። ያለ እሱ ከካፉሪ በእግሬ ብወጣ እንኳ፣ ያለ ወረቀት የሚያልፈኝ ኬላ የለም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማዳምጠው የመኪና ድምፅ ነበር። መኪና ሲመጣ ግን የሚመጣው የዐስከር ነው።

ዐስከሮቹ ግቢያችን የገቡ ጊዜ ሐቦባ ዐንገረቧ ላይ ሆና «ጫማችሁን አውልቁ! ምንጣፍ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። አንዱ እውነትም አወለቀ። ከዚያ ምንጣፉን ጠቅልለው ወሰዱት። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ከግድግዳው ላይ ነቅለው ማቀዝቀዣውን ሁሉ ወሰዱ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ፤ ከማን እንደተማርኩት ግልጽ ነው። እዚህኛው ጦርነት ውስጥ ግን ምሰሶ አይሠራም። አንዱ ዞሮ መጣና ክንዴን ጨመደደኝ። ሐቦባ ያን ለመነሣት የሚቸግራትን ሰውነቷን ከዐንገረቡ እንዴት እንዳስነሳችው አላህ ይወቀው፣ ግድግዳ ይዛ መጣችና መሐላችን ገባች። «ልጄ ናት! እናት የለህም አንተ?» አለችው። ለቀቀኝ። ያን ቀን የዞረልኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ከጎረቤት የቀሩት አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። ጣራቸው ላይ ሶላር አላቸው፤ ውሃም ስልክም ከእሳቸው ነው። ኔትወርኩ ብቅ ሲል መልእክት ተጠራቅሞ ይመጣል፣ ሁሉም ከልጅቷ ነው። «ሐቦባ እንዴት ናት? መድኃኒቷን ወሰደች? መኪናው ኢንሻአላህ ይመጣል፤ ሐቦባን አደራ።» ከሥር ደግሞ አንዳንዴ፣ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አልቀየምኳትም። አያቷ ናት።

መድኃኒቱ ግን አለቀ። የደም ግፊትና የልብ ነው፤ ፋርማሲዎቹ ተዘርፈዋል። ሽማግሌው ያላቸውን ትንሽ አካፈሉን፤ እሱም አለቀ። ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እየዘፈዘፍኩ አጠጣኋት፤ ግፊት ያወርዳል ይላሉ። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ፊቷን ሳይ እውላለሁ። የሰው ነፍስ ስትወርድ በመስመር አይታይም፤ ዛሬ ከትናንት ይሻላል ትላለህ፣ ነገ ደግሞ ትናንት ይሻል ነበር ትላለህ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ጨዋታው ውስጥ ኃይሌ ካለቀ ትንሽ ቆሜ ብተነፍስ ተመልሶ ይሞላል። እዚህ ቆሜም ሮጬም የሚሞላ ነገር አልነበረም።

የሞተችው ከምሳ በኋላ ነው፣ ድሮ በምንጫወትበት ሰዓት። ውሃ በማንኪያ እየሰጠኋት ነበር። «በልጅቷ ላይ አትዘኚባት» አለችኝ፤ ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔው አጠብኳት። ንጹሕ ነጭ ቶቧን፣ የምትጠመጠመውን ረጅም ነጠላ፣ ቀድጄ ከፈንኳት። መቃብር ስፍራ መሄድ ስለማይቻል ሽማግሌው ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ሆነው ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ቆፈሩ፣ ሰገዱባት፣ ቀበሯት። በባዶው ቤት ውስጥ የሷ ዐንገረብና እኔ ቀረን።

ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ለማንም አልተነገረም። ሽማግሌው አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስሄድ ባልዲዬን ያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ቢቲ፣ ስሚኝ» አሉኝ። «መኪናው የሚመጣው ለማን ብሎ ነው? ለእሷ ነው። መሞቷን ከነገርሻቸው ማን ይመጣል? ዝም በይ። መኪናው በር ላይ ሲቆም ያኔ ትናገሪያለሽ። ሐራም የለበትም፤ ነፍስ ማዳን ነው።»

ሽማግሌው ክፉ አይደሉም። እንዲያውም ያን ሰሞን ለእኔ የተጨነቀ ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ያሉትም ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጨዋታው ውስጥም ለወደቀ አይዞርም። መስመሩ አንዴ ግራጫ ከሆነ ሰው ትቶት ወደፊት ነው የሚሄደው። ለቀናት ባልዲ በያዝኩ ቁጥር አሰብኩበት። ኔትወርኩ ሲመጣ ከልጅቷ የመጀመሪያው መልእክት ያው ነበር፦ «ሐቦባ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» ብዬ ጽፌ ነበር። ጽፌ አየሁት። በእጄ ያጠብኳትን ሰው ደህና ናት ልል ነው። ያ ሾፌርም ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ በጥይት መሐል ነድቶ መጥቶ ኒም ዛፍ ሥር ያለ አፈር ላሳየው ነው። አጠፋሁትና እውነቱን ጻፍኩ። ይህን ያደረግኩት በደግነት ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ልቤ አንድ ነገር ያምን ነበር፤ እሷ ለእኔም ትዞራለች ብሎ። «ሐቦባ አረፈች። እኔ ብቻዬን ነኝ። መኪናውን ላኩልኝ» ብዬ ላክሁ። በዚያ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለራሴ የሆነ ነገር የጠየቅኳቸው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ልጅቷ የድምፅ መልእክት ላከች፤ ለቅሶ ነው፣ ቃል አይሰማበትም። ማማም ላከች። «አላህ ይስጥሽ፣ አላጎደልሽባትም፤ አንቺ ልጃችን ነሽ» አለች። ሰውዬው መቃብሩን ፎቶ አንስቼ እንድልክ ጠየቁ፤ ላክሁ። ስለ መኪናው «ኢንሻአላህ» አሉ። ቀጥሎ መንገዱ ከበፊቱ ብሷል አሉ። ቀጥሎ ሾፌሩ ፈርቷል አሉ። ቀጥሎ ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል፤ ጀዋዝሽን ለአንድ ሰው አደራ ሰጥቷል፣ ሰውዬውን እያፈላለግነው ነው፣ ታገሺ አሉኝ። ማንም እምቢ አላለኝም። እምቢ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ መጠበቄን እተው ነበር።

ሽማግሌው ሲነግሩኝ አልሰማሁም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላሉኝም። በኋላ እሳቸውም ታመሙና ዘመድ መጥቶ ወሰዳቸው። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚሰጠኝ ሰው ሲጠፋ ወጣሁ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት፣ «እህቴ ናት» ብላ ከሴቶች ጋር ቀላቅላ፣ በሐጅ ዩሱፍ በኩል ዞረን በመንሺያ ድልድይ አሻገረችኝ። ኬላ በደረስን ቁጥር ነፍሴ ወጥታ ትገባለች።

ይህን የምጽፈው ከካርቱም ደቡብ፣ ካላክላ ሆኜ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከወሎ ልጆች ጋር ተጨናንቀን አለን። ሁላችንም ሰው ቤት የነበርን ነን፤ ሁላችንም አሠሪዎቻችን በር ዘግተው ሲሄዱ «ተመልሰን እንወስዳችኋለን» የተባልን ነን። አል-ጣኢፍ ሰፈር ትሠራ ስለነበር የአል-ጣኢፏ የምንላት፣ የአሠሪዎቿን ቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትኖረው፤ ቤቱ መቃጠሉን ሰምታለች፣ ቁልፉን ግን አላወለቀችም። ወደ መተማ እንሂድ የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሳል። ገዳሪፍ መንገድ ላይ ወረቀት የሌላት ሴት ምን እንደሚደርስባት የሰማች ታወራልን እና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ተስፋ ቆርጠናል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰውም ምሳ መሥራት አለበት።

ገበያው ዳር አንዱ የሳተላይት ኢንተርኔት ተክሏል። ሰው በወረፋ ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ከዘመዱ ጋር ይገናኛል። ባለፈው የአል-ጣኢፏ «ተነሽ እንጂ፣ ሸበካው ዛሬ ሸዲድ ነው፣ ያላ!» ብላ፣ ኔትወርኩ ጠንካራ ነው ማለቷ ነው፣ ጎትታ ወሰደችኝ። ስልኬን ከደበቅኩበት ከድንች ከረጢት ውስጥ አውጥቼ ሄድኩ። ስከፍተው የልጅቷ መልእክት ተደርድሯል፤ ከሁሉም በታች ያለው አዲሱ ነው። ጀዋዜ ተገኘ ይላል ብዬ መጀመሪያ እሱን ከፈትኩ።

«ፈዋሽ የለንም» ይላል። «ሁሌ እየተሸነፍን ነው። ኔትወርክ ካገኘሽ በዐስር ሰላት ሰዓት ግቢ፣ እንጠብቅሻለን። ናፍቀሽኛል።»

የዐስር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ገባሁ። ድምፃቸውን ለመስማት ይሆናል፤ ደግሞም ሌላ የሚጠብቀኝ ቦታ አልነበረም። ጋሻ ተሸካሚው «አለሽ እንዴ! እኛ እኮ ሞታለች ብለን ነበር» አለና ሳቀ። ልጅቷ «ሐቢብቲ! የእኔ ውድ!» ብላ ጮኸች። ከኋላዋ የካይሮ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ፍልሚያው ተጀመረ።

እጄ አልረሳም። አረንጓዴዎቹን መስመሮች እያየሁ ሥራዬን ያዝኩ። ጠላቶቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ሰዎቼን እያባበሉ እያባበሉ አራቋቸው፣ እኔ ሜዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሁለቱ ከጎን መጡብኝ። ምሰሶ ፈለግኩ፣ የለም። ድንኳኑ ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ «ዐለየ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ተያት! የጀመርሽውን ጨርሺ!» አለ ጋሻ ተሸካሚው።

እሷ ዞረች። ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጣ፣ ከኋላ እየወጓት፣ መጥታ ፊቴ ቆመች። አፍዝ አደንግዟን ጣለች። «መጣሁልሽ» አለችኝ። «አትፍሪ። ከጀርባዬ ሁኚ፣ እኔ አለሁ።» የእውነቷን ነበር፤ በድምፅዋ አውቃታለሁ።

«መኪናውስ?» አልኳት።

ከኋላዋ የካይሮው ጡሩምባ ይሰማል።

«ማዐሌሽ» አለች ቀስ ብላ። ይቅርታ ማለት ነው፤ አይዞሽም ማለት ነው፤ ምንም ማድረግ አልችልም ማለትም ነው። ከዚያ፣ «አሁን እኔን እይ፣ መስመሬ እየወረደ ነው» አለች።

አየሁ። እውነትም እየወረደ ነበር። አከምኳት።